ደጋግሞ ማረጋገጥ ጥርጣሬን ሲያበዛ፦ ፍርሃትና አስገዳጅ ድርጊት በኮምፒዩተር ሲታከሙ

በፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድን ልኬት ደጋግሞ መውሰድ የሚያስመሰግን ልማድ ነው። የፔንዱለሙን ውዝዋዜ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ የሚሄድ ተማሪ ይወቀሳል፤ 25 ጊዜ የለካው ይመሰገናል። የአማካዩ አጠራጣሪነት በልኬቶቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ስለሚቀንስ፣ 25 ጊዜ የለካ ሰው የአንድ ጊዜውን ጥርጣሬ ወደ አንድ አምስተኛ ያወርደዋል። ይህን ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቻችን በየዓመቱ ስናስተምር፣ እርግጠኝነት የሚገኘው በድግግሞሽ ነው እያልን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ይህ ሕግ የማይሠራለት ሰው ገጠመን። የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን ነበር። ከላቦራቶሪ ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ይወጣል። የመለኪያውን ንባብ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ሰርዞም ያንኑ ቁጥር መልሶ ይጽፋል። በፈተና ቀን ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ተቀደደና ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይጀምር ሰዓቱ አለቀ። በመጀመሪያ ጠንቃቃነቱን አመስግነን ነበር፤ በኋላ ስለ ቀርፋፋነቱ ገሠጽነው። ሁለቱም ስህተት ነበር። «መልሱን ታውቀዋለህ፤ ለምን ደግመህ ደግመህ ትጽፈዋለህ?» ብለን ብንጠይቀው «አውቀዋለሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» ሲል መለሰልን። ቆየት ብሎም የመኝታ ክፍሉን በር ቁልፍ ለማየት ከግማሽ መንገድ እየተመለሰ የጠዋት ትምህርት እንደሚያመልጠው አጫወተን።

ወጣቱ ሰነፍ አልነበረም፤ በሕክምናው ዓለም ስም ያለው ሕመም ነበረበት። በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ሕመምና ስለ ቅርብ ዘመዱ ስለ ፎቢያ፣ በተለይም ሁለቱን በማከም ረገድ ለኮምፒዩተር ስለተሰጠው ሥራ ለአንባቢያን እናቀርባለን። ሙያችን ፊዚክስ እንጂ ሕክምና አለመሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። ወደ ርዕሱ የሳበን የልኬት ነገር ነው።

የምድጃው ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ2003 ማርሴል ቫን ደን ሃውትና ሜረል ኪንት የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች የአንድ ቀላል ሙከራ ውጤት አሳተሙ። ጤነኛ የሆኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጡ። በስክሪኑ ላይ የጋዝ ምድጃ ተሥሏል፤ ተማሪው በማውሱ የምድጃውን መክፈቻዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ መዘጋታቸውንም ያረጋግጣል። አንደኛው ቡድን ምድጃውን ደጋግሞ፣ 20 ጊዜ ያህል፣ እንዲያረጋግጥ ተደረገ። ሁለተኛው ቡድን ያንኑ ያህል የደከመው በምድጃው ሳይሆን በስክሪኑ ላይ በተሣሉ አምፖሎች ነበር። በመጨረሻ ሁሉም ምድጃውን አንድ ጊዜ አረጋገጡና በዚያ ዙር የነኳቸው መክፈቻዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ስለ መልሳቸውም ምን ያህል እርግጠኞች እንደሆኑ ተጠየቁ።

በመልሳቸው ትክክለኛነት ሁለቱ ቡድኖች ተቀራራቢ ነበሩ። የተለያዩት በመተማመን ነው። ምድጃውን ደጋግመው ያረጋገጡት ተማሪዎች ትዝታቸው ደብዝዞ፣ ዝርዝሩ ጠፍቶባቸው፣ በገዛ ትውስታቸው ላይ የነበራቸው እምነት ቀንሶ ተገኘ። ሕመም አልነበረባቸውም፤ ድግግሞሹ ብቻውን በቂ ሆነ።

የስኩዌር ሩቱ ሕግ የሚሠራው ልኬቶቹ እርስ በርሳቸው ነጻ ሲሆኑና መለኪያው በመለካቱ ምክንያት የማይለወጥ ሲሆን ነው። እዚህ ግን መለኪያው ትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ በእያንዳንዱ ማረጋገጥ ይለወጣል። አንድን በር ሃያ ጊዜ የነካ ሰው የመጨረሻውን ከቀደሙት አሥራ ዘጠኙ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ለሃያ አንደኛ ጊዜ ይመለሳል። የተማሪያችን «አውቀዋለሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» የሚለው መልስ ከዚህ ሙከራ ውጤት ጋር ቃል በቃል የሚገጥም መሆኑን ስናይ በግሣጼያችን አፈርን።

ሳይነካ የሚበርድ ሻይ

ፎቢያ የሚባለው ከአደጋው ጋር የማይመጣጠንና ኑሮን የሚያውክ ፍርሃት ነው፤ ከፍታ፣ ሸረሪት፣ ሊፍት፣ የሕዝብ መሰብሰቢያ ሊሆን ይችላል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረታችን የፎቢያን ጠባይ ከብዙ መማሪያ መጻሕፍት ባጠረ ቃል ይገልጸዋል። በሁለተኛው ሕመም ደግሞ አንድ የማይለቅ ሐሳብ ይመጣል፦ እጄ ቆሽሿል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ጸሎቴን አሳስቻለሁ። ሐሳቡ የሚያመጣውን ጭንቀት ለማስታገስ ሰውየው ይታጠባል፣ ያረጋግጣል፣ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ይደግማል። ይህ አስገዳጅ ድርጊት ይባላል። ሕመሙ የአገሩንና የሃይማኖቱን ልብስ እንደሚለብስ ልብ ይሏል። አንዱ የንስሐ አባቱ ዘንድ ያንኑ ኃጢአት ደጋግሞ ይናዘዛል፤ ሌላው ውዱውን ደጋግሞ ያድሳል፤ ይህን ሙስሊም ወገኖቻችን «ወስዋስ» ይሉታል። ዘመድ አዝማድ እንዲህ ያለውን ሰው ጨዋ፣ ንጹሕ ወይም ጠንቃቃ ብሎ ሊያመሰግነው ስለሚችል ሕመሙ ለዓመታት ተሸሽጎ ይኖራል።

ለመሆኑ ሕክምናው ምንድን ነው? መድኃኒት አለ፤ እዚህ የምናተኩረው ግን በመጋፈጥ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ኮቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ጥንቸል ስለሚፈራ ፒተር ስለተባለ ሕፃን ጽፋ ነበር። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን በመጠኑ እያቀረበች፣ በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን እስኪዳስሳት ደረሰ። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፔ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ዘዴውን ደረጃ በደረጃ አደራጀው። ቪክቶር ሜየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን በሚገኘው ሚድልሴክስ ሆስፒታል መታጠብን ማቆም ያቃታቸውን ሰዎች ቆሻሻ ነው የሚሉትን ነገር እያስነካ፣ የውኃ ቧንቧው ሳይቀር ተዘግቶ፣ እንዳይታጠቡ አደረገ። ዘመናዊው ሕክምና ከዚህ ተወልዷል፦ የምትፈራውን ተጋፈጥ፣ ማስታገሻውን ድርጊት ግን ተወው።

ይህ ለምን እንደሚሠራ በሻይ ምሳሌ እናስረዳ። ትኩስ ሻይ በቀረበለት ቁጥር ቀዝቃዛ ውኃ የሚጨምርበት ሰው አለ እንበል። ሻዩ ወዲያው ይበርድለታል፤ ነገር ግን ሻይ በራሱ ጊዜ እንደሚበርድ የሚያይበት ዕድል ፈጽሞ አያገኝም። ከዓመታት በኋላ «ውኃ ካልጨመርኩ እስከ መቼም አይበርድም» ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። መታጠብና ማረጋገጥ ያ ቀዝቃዛ ውኃ ናቸው። ከሊፍቱ ደጅ ዞሮ በደረጃ መውጣትም እንዲሁ ነው። ሕክምናው ብርጭቆውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሳይነኩ መጠበቅ ነው። ጭንቀቱ ወደ ጣሪያ ከወጣ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባልራቀ ጊዜ ውስጥ፣ እየወረደ ይሄዳል። የኒውተንን የመቀዝቀዝ ሕግ የሚያውቅ ተማሪ የዚህን መስመር ቅርጽ ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ሆኖም ምሳሌያችንን አጥብቀን መያዝ የለብንም። ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ በአንድ ቀን ልምምድ ፍርሃቱ ምን ያህል ወረደ የሚለው ቁጥር ሕመምተኛው በመጨረሻ ምን ያህል እንደሚሻለው በደንብ አይተነብይም። ይበልጥ የሚጠቅመው «ካልታጠብኩ እታመማለሁ» ያለ ሰው ሳይታጠብ ውሎ አለመታመሙን ሲያይ የሚደርስበት መገረም ነው። አሮጌው ፍርሃትም አይፋቅም፤ በላዩ ላይ አዲስ ትምህርት ይጻፍበታል እንጂ። አዲሱ ትምህርት ደግሞ ከተማሩበት ቦታ ጋር የመታሰር ጠባይ ስላለው፣ ሐኪም ቤት ውስጥ የጠፋ ፍርሃት ቤት ሲገባ ሊመለስ ይችላል። ልምምዱ በየቦታው መደረግ ያለበት ስለዚህ ነው።

ሐኪም፣ ኮምፒዩተር ወይስ መጽሐፍ?

ሕክምናው በመርህ ደረጃ ቀላል፣ በተግባር ግን አድካሚ መሆኑን አንባቢ አስተውሎ ይሆናል። የፍርሃቶች ዝርዝር ይወጣል፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይደረደራል፤ የቤት ሥራ ይሰጣል፤ ሰዓት ይያዛል፤ ቁጥር ይመዘገባል። መዝገብ መያዝ፣ መቁጠርና አለመሰልቸት ደግሞ የኮምፒዩተር ሥራ ነው።

ብዙ ሰው ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና ሲያስብ ቀድሞ ትዝ የሚለው ጆሴፍ ዋይዘንባውም እ.ኤ.አ. በ1966 በኤም.አይ.ቲ. ያቀረበው ኤላይዛ የተባለው ፕሮግራም ነው። ኤላይዛ የተጠቃሚውን ቃል ገልብጦ እንደ ጥያቄ ይመልስለት ነበር እንጂ የሚገባው ነገር አልነበረም። የዋይዘንባውም ጸሐፊ ግን ከፕሮግራሙ ጋር ስትጻጻፍ እርሱን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠይቃዋለች፤ ይህም አስደንግጦት በ1976 ኮምፒዩተር ሊሠራው ስለማይገባው ነገር መጽሐፍ ጻፈ። በእኛ አመለካከት ኤላይዛ ዝናው ከጥቅሙ በላይ ሆኖ ሰዎችን አሳስቷል። በፍርሃት ሕክምና የተሳካው ማሽን ሐኪም መስሎ የሚያወራው ሳይሆን እንደ ጎበዝ የላቦራቶሪ ረዳት ሰዓት የሚይዘው ነው።

በዚህኛው መንገድ ከሄዱት ቀዳሚው በኬፕታውን የተወለደውና ለንደን ውስጥ በሞድስሊ ሆስፒታልና በሳይካትሪ ኢንስቲትዩት ለረጅም ዓመታት የሠራው አይዛክ ማርክስ ነው። ማርክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ፎቢያ ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው። የመጋፈጡን መመሪያ አንደኛው ቡድን ከሐኪም፣ ሁለተኛው ከኮምፒዩተር፣ ሦስተኛው ማርክስ ራሱ ከጻፈው መጽሐፍ ተቀበለ። ሦስቱም ቡድኖች በእጅጉ ተሻላቸው፤ ይህ ነው የሚባል ልዩነትም አልታየም። ይህን ለኮምፒዩተሩ ድል አድርጎ ማውራት ይቻላል። ለእኛ ግን ይበልጥ የሚናገረው የመጽሐፉ ውጤት ነው፤ ፈዋሹ መጋፈጡ እንጂ መመሪያውን ያደረሰው ዕቃ አለመሆኑን ያሳያልና።

ከዚያ በኋላ ማርክስ ከአሜሪካውያኑ ጆን ግራይስትና ሊ ቤር ጋር «ቢ.ቲ. ስቴፕስ» የተባለውን ሥርዓት ለአስገዳጅ ድርጊት አዘጋጀ። ኮምፒዩተሩ ያለው ሩቅ ነው፤ ሕመምተኛው የሚያስፈልገው መመሪያ ደብተርና ተራ የቁልፍ ስልክ ብቻ ነው። ይደውላል፤ የተቀዳ ድምፅ ይጠይቀዋል፤ እርሱም የስልኩን ቁልፎች እየተጫነ ይመልሳል። በ1990ዎቹ በተደረጉት ሙከራዎች ለንደን ያሉ ሕመምተኞች በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ወደሚገኝ ኮምፒዩተር ይደውሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2002 ግራይስትና ባልደረቦቹ 218 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሦስት ከፍለው ለ10 ሳምንታት ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። የሕመሙ ክብደት የተለካው ከ0 እስከ 40 በሚደርሰው የዬል ብራውን መለኪያ ነው። ሐኪም የመራቸው በአማካይ 8.0 ነጥብ ቀነሱ፤ በስልክ ኮምፒዩተሩ የመራቸው 5.6 ነጥብ፤ ሰውነትን የማዝናናት ልምምድ ብቻ የተሰጣቸው ደግሞ 1.7 ነጥብ። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ከማዝናናቱ እጅግ በለጠ፤ ሐኪሙን ግን አልደረሰበትም። በኮምፒዩተሩ ቡድን ውስጥ ይበልጥ የተሻላቸው ረዘም ላለ ጊዜ የደወሉትና መጋፈጡን በተግባር የተለማመዱት ነበሩ። ጥሪዎቹም በአብዛኛው የመጡት ከመደበኛ የሥራ ሰዓት ውጭ ነው። የበር ቁልፍ የሚያስጨንቀው ሰው የቢሮ ሰዓት እንደማይጠብቅ ተማሪያችን ሊመሰክር ይችላል።

ለፎቢያና ለድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት የተሠራው «ፊር ፋይተር» የተባለው የማርክስ ፕሮግራም በ2004 በታተመ ጥናት እንደ ሐኪሙ ያህል ሲያሻሽል የሐኪሙን ጊዜ በ73 በመቶ ቆጥቧል። በኮምፒዩተር ከታከሙት መካከል ግን አቋርጠው የጠፉት ይበልጡ ነበር። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት የትኛው ሕክምና ለሕዝብ ይቅረብ የሚለውን የሚመክረው ናይስ የተባለው ተቋም በ2006 ፊር ፋይተርን ደግፎ፣ ከቢ.ቲ. ስቴፕስ የተወለደውን «ኦ.ሲ. ፋይተር» ሳይደግፈው ቀረ።

አቋርጦ መጥፋት የዚህ ዘርፍ ዋና ችግር ነው። ማሽን «ዛሬም ሳትታጠብ ቆይ» ሲል ሰው ስልኩን ዘግቶ ሊታጠብ ይሄዳል፤ ማንም አላየውም። ማርክስና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት ቢ.ቲ. ስቴፕስን የሚጠቀሙ 44 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈሏቸው። ለግማሾቹ ባለሙያ በቀጠሮ አጭር ስልክ ይደውልላቸዋል፤ የቀሩት ከፈለጉ ራሳቸው ይደውላሉ ተባለ። በቀጠሮ የተደወለላቸው አቋርጠው የጠፉት አነሰ፣ የቤት ሥራቸውን ይበልጥ ሠሩ፣ ይበልጥም ተሻላቸው። በጥሪው ጊዜ የሚሰጥ ረጅም ምክር አልነበረም፤ ትምህርቱን የሚሰጠው ኮምፒዩተሩ ነው። ሐሙስ ዕለት «እንዴት ሆነ?» የሚል ሰው እንዳለ ማወቅ ግን ረቡዕ ማታ ከቧንቧው ያርቃል። እንደ እኛ አስተያየት ከሠላሳ ዓመታት በላይ ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ይህ ትንሽ ጥናት ይበልጥ ሊነበብ ይገባዋል።

ጉልበት የሚብረከረክበት ሥዕል

የአንባቢን ቀልብ ይበልጥ የሚስበው ግን ቨርቹዋል ሪያሊቲ መሆኑን እናውቃለን። በጭንቅላት ላይ የሚደረገው መነጽር ለሁለቱ ዓይኖች በትንሹ የተለያዩ ሁለት ሥዕሎች ያቀርባል፤ አንጎል ከልዩነታቸው ጥልቀትን ያሰላል። ራስ ሲዞር መዞሩን የሚያውቀው በመነጽሩ ውስጥ ያለች ደቃቅ ጋይሮስኮፕ ነው። በሲሊከን ላይ የተቀረጸች የምትርገበገብ ክብደት መሣሪያው ሲዞር በኮሪዮሊስ ጉልበት ወደ ጎን ትገፋለች፤ መገፋቷም በኤሌክትሪክ ይለካል። ስሌቱ ተሠርቶ አዲሱ ሥዕል በሰከንድ ጥቂት መቶኛዎች ውስጥ ካልደረሰ፣ ዓይንና የውስጥ ጆሮ ስለማይስማሙ ሰውየው ያቅለሸልሸዋል። ክፍል ውስጥ «ምናባዊ ኃይል» እያልን የምናልፈው ኮሪዮሊስ እንዲህ በየስማርት ስልኩ ኪስ ውስጥ ገብቶ መገኘቱ ሁልጊዜ ያስደስተናል።

የሚገርመው፣ ሰውየው ያለው ሜዳ ላይ መሆኑን እያወቀ ጉልበቱ መብረክረኩ ነው። ባርባራ ሮዝባውም፣ ላሪ ሆጅስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የከፍታ ፍርሃት በምናባዊ ድልድዮች፣ በረንዳዎችና የመስታወት ሊፍት አከሙ። ሕክምናውን ከጨረሱት 10 ተማሪዎች መካከል ሰባቱ ማንም ሳያዛቸው እውነተኛ ከፍታ ላይ መውጣት ጀመሩ።

በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሀንተር ሆፍማንና ባልደረቦቹ ያከሟት «ሚስ ማፌት» የሚል የብዕር ስም የተሰጣት ሴት ደግሞ ፎቢያና አስገዳጅ ድርጊት እንዴት እንደሚጋቡ ታሳያለች። ለ20 ዓመታት ያህል ሸረሪትን ስትፈራ ኖራለች። መኪናዋን በጭስና በተባይ መድኃኒት ታጥናለች፤ ማታ የመኝታ ቤቷን መስኮቶች በፕላስተር ትለጥፋለች፤ ያጠበችውን ልብስ በላስቲክ ከረጢት አሽጋ ታስቀምጣለች። ሕክምናዋ የአንድ አንድ ሰዓት 12 ቀጠሮዎች ነበሩት። በምናባዊ ወጥ ቤት ውስጥ ሸረሪቷን በመጀመሪያ ከሩቅ አየቻት፤ እየቀረበች ሄደች፤ በመጨረሻ ምናባዊውን ሸረሪት ስትነካ እጇ በእውን የሚዳስሰው ጸጉራም የአሻንጉሊት ሸረሪት ነበር። ከሕክምናው በኋላ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክላ ለማደር በቃች።

እነዚህ ሁሉ ሐኪም አጠገብ ተቀምጦ የተደረጉ ነበሩ። በኦክስፎርድ ዳንኤል ፍሪማንና ባልደረቦቹ በ2018 ያሳተሙት ጥናት ሐኪሙን ከክፍሉ አስወጣው። የከፍታ ፍርሃት ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል 49ኙ መነጽሩን አድርገው፣ ምናባዊት አሠልጣኝ እየመራቻቸው፣ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ዛፍ ላይ የወጣች ድመት የማውረድ ዓይነት ሥራ ተሰጣቸው። በአማካይ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ወስዶ ፍርሃታቸው በአማካይ በ68 በመቶ ቀነሰ። አኃዙ ያማልላል። ነገር ግን የማነጻጸሪያው ቡድን በባለሙያ አልታከመም፤ ስለዚህ ጥናቱ ማሽኑ ከምንም ይሻላል ይላል እንጂ ከሰው ይሻላል አይልም። ተማሪዎቻችን ማንኛውንም «በመቶ» ሲያነቡ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብለው እንዲጠይቁ እንወዳለን።

ለአስገዳጅ ድርጊት ግን ጥሩውን ውጤት ያስገኘው ያን ያህል የማያማልል መሣሪያ ነው። በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ኤሪክ አንደርሰንና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት 101 ሰዎች ለ10 ሳምንታት ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ትምህርቱን በኢንተርኔት አንብበው መጋፈጡን ቤታቸው ሲለማመዱ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ የጻፉትን እያነበበ በጽሑፍ ይመልስላቸው ነበር። የቀሩት በኢንተርኔት ማበረታቻ ብቻ አገኙ። ጉልህ መሻሻል ያሳዩት ከመጀመሪያዎቹ 60 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 6 በመቶ ሆኑ። እዚህም ከጽሑፉ ወዲያ ሰው አለ።

ዛሬ ብዙ ወጣት ስለ ጭንቀቱ የሚያማክረው ማንኛውንም ጥያቄ የሚመልሱትን አዳዲስ የውይይት ፕሮግራሞች ስለሆነ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። የማረጋገጥ ሕመም ያለበት ሰው ሌሎችን «አይዞህ፣ ምንም አልሆነም» እንዲሉት ደጋግሞ መለመኑ ራሱ ከሕመሙ አንዱ ምልክት ነው። እናትና ጓደኛ ከአሥረኛው ጊዜ በኋላ ይሰለቻሉ፤ ማሽን ግን ሌሊቱን ሙሉ «አይዞህ» ይላል። በሻዩ ምሳሌ፣ የማያልቅ ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። ማርክስ የሠራው ማሽን የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነበር።

አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ?

በአገራችን የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ደረጃ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቻችን ለዚህ ትምህርት ወደ ውጭ ይሄዱ ነበር። የሠለጠኑት ቁጥር አድጓል፤ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ግን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ከባዱን ሕመም በማከም ይጠመዳሉ። ስለዚህ ቢ.ቲ. ስቴፕስን የመሰለ፣ ኢንተርኔትም ስማርት ስልክም የማይጠይቅ፣ ማንበብ ለማይችልም ሰው በድምፅ የሚያገለግል ዘዴ ለእኛ ከመነጽሩ ይልቅ ይቀርበናል። የመመረቂያ ፕሮጀክት ለሚፈልጉ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ይህን ሐሳብ አቅርበን ነበር። ፕሮግራሙ ራሱ አላስቸገራቸውም። ያስቸገረው ዐረፍተ ነገሩ ነው።

በእንግሊዝኛ አንድ ጊዜ የሚቀዳው ትእዛዝ በአማርኛ «እጅህን ሳትታጠብ ቆይ»፣ «እጅሽን ሳትታጠቢ ቆዪ» እና «እጅዎን ሳይታጠቡ ይቆዩ» ሆኖ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ማሽኑ የደወለውን ሰው ሳያውቅ አፉን መክፈት አይችልም። «እርስዎ» ለሁሉም ይሁን ብንል ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሆንበታል፤ «አንተ» ብንል ሽማግሌው ስልኩን ይዘጋል። ከዚህ የከበደው ደግሞ ቁጥሩን የምንጠይቅበት ቃል ነው። «ፍርሃትህ ከ0 እስከ 100 ስንት ነው?» ቢባል፣ የቆሸሸ ነገር የነካ ሰው «አልፈራሁም፤ ቀፈፈኝ እንጂ» ብሎ ዜሮን ይጫናል። ጭንቀት፣ ስጋት፣ መረበሽ የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው አንዱን ሕመምተኛ ይዘው ሌላውን ይለቃሉ።

ነገሩን የፈታልን ያ የቀድሞ ተማሪያችን ነው። እርሱ ኮምፒዩተር አልተጠቀመም፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ በሩን አንድ ጊዜ ብቻ ቆልፎ እንዲሄድ የቤት ሥራ ተሰጥቶት፣ በየአምስት ደቂቃው ቁጥር የሚጽፍበት ደብተር ይዞ፣ በሳምንት አንድ ቀን ነርሷ እየደወለችለት ነው የተሻለው። ደብተሩን አሳይቶን ቁጥሮቹን በሴሚ ሎግ ወረቀት ላይ አሥፍረናቸው ነበር። አንዳንዱ ቀን ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፤ አንዳንዱ ቀን ምንም አይሠራም። ከዓምዱ አናት ላይ ግን «ፍርሃት» የሚል ቃል አልነበረም። ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው «ፍርሃት አይበሉት፤ እኔ ፈርቼ አላውቅም» አለን። በእጅ ጽሑፉ የተጻፈው «ልመለስ ልመለስ የሚለኝ ምን ያህል ነው?» የሚል ነበር።